ፔሮን ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ፦ የ1946 የአርጀንቲና ምርጫና የሠራተኛው ፓርቲ ዕጣ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1946፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 17 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ዕለተ እሑድ፣ የአርጀንቲና ወንዶች ፕሬዚዳንታቸውን ለመምረጥ ተሰለፉ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሴቶች ገና የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። የድምፅ መስጫ ሣጥኖቹን የጠበቀው ሠራዊቱ ነበር። ከ1930 መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ ድምፅ መስረቅ በዚያች አገር እንደ ሙያ ተቆጥሮ ስለ ነበር ብዙዎች ሥጋት አድሮባቸዋል። ሆኖም ቀኑ በሰላም መሸ፤ ተቃዋሚዎቹም ቆጠራው ገና ሳይጀመር ምርጫው ንጹሕ እንደ ነበር በአደባባይ መሰከሩ። ምስክርነቱ ከልብ ነበር፤ ያሸነፉ መስሏቸዋልና። ቆጠራው ሳምንታት ፈጀ። ሲያበቃ ኮሎኔል ሁዋን ዶሚንጎ ፔሮን ወደ 1.48 ሚሊዮን፣ ተቀናቃኙ ዶክተር ሆሴ ታምቦሪኒ ወደ 1.21 ሚሊዮን ድምፅ አገኙ። ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ በሚሰይመው የመራጮች ጉባኤ ውስጥ ደግሞ ውጤቱ 304 ለ72 ሆነ። በሕዝቡ ድምፅ ጠባብ የነበረው ልዩነት በጉባኤው ገደል መስሎ ታየ።

የልዩነቱ ግማሽ 135,000 ያህል ነው። ይህን ያህል መራጭ ሐሳቡን ለውጦ ቢሆን ኖሮ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የላቲን አሜሪካ ታሪክ ውስጥ ጎልተው ከሚሰሙት ስሞች አንዱ ምናልባት ባልተሰማም ነበር። ታሪክ የሆነውን እንጂ ሊሆን ይችል የነበረውን አይመዘግብም የሚለው አነጋገር እውነትነት አለው። ይሁንና አንድ ድል በእርግጥ የማን ድል እንደ ነበረ ለመለየት፣ ድሉ ባይገኝ ኖሮ ማን ምን ያጣ እንደ ነበር መጠየቅ ይጠቅማል። ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው «አገሪቱ ከአንድ አምባገነን በዳነች ነበር» በሚል ምኞት ነው። ከቤሪሶ የሥጋ ፋብሪካና ከአቬያኔዳ ሠፈሮች ሆኖ ለተመለከተው ግን ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። በዚያ ምርጫ ዋዜማ የአርጀንቲና ሠራተኛ በራሱ እጅ ያቋቋመው ፓርቲ ነበረው። ፔሮን ካሸነፈ በኋላ ያ ፓርቲ የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

ፔሮን መጀመሪያ ወደ ሥልጣን የመጣው በምርጫ አልነበረም። ጁን 4 ቀን 1943 መንግሥቱን የገለበጡት መኮንኖች ሥውር ቡድን አባል ነበር። ጓዶቹ በሚኒስቴሮችና በጦር ክፍሎች ላይ ሲሻሙ፣ እርሱ ማንም የማይመኘውን፣ አቧራ የጠገበውን የሥራ ጉዳይ መምሪያ መርጦ ያዘ። መምሪያው በዚያው ዓመት መጨረሻ የሥራና የማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ተብሎ ከፍ አለ። ቀደም ሲል ለሠራተኛ መሪ ፈጥኖ የሚከፈትለት የፖሊስ ጣቢያ በር ነበር፤ አሁን የመንግሥት ቢሮ በር ተከፈተለት። ፔሮን ሸሚዙን ሰብስቦ፣ የማኅበር መሪዎቹን በስማቸው እየጠራ፣ እስከ ሌሊት ድረስ ያነጋግራቸው ጀመር። የኅብረት ስምምነቶች ተፈረሙ፤ ጡረታ ተስፋፋ፤ የሥራ ክርክር የሚዳኙ ልዩ ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ። በኦክቶበር 1944 የወጣው የገጠር ቅጥር ሠራተኞች ድንጋጌ፣ እስከዚያ ድረስ የባለርስቱ ቃል ብቻ ሕግ ሆኖ ይሠራበት በነበረው ሰፊ የከብትና የእህል ምድር ውስጥ ዝቅተኛ ደሞዝን፣ ዕረፍትንና መኖሪያን በጽሑፍ አሰፈረ።

ከእነዚህ ሕጎች አብዛኞቹ ከፔሮን አእምሮ የፈለቁ አልነበሩም። ሶሻሊስቶች፣ በተለይም በ1904 ወደ ምክር ቤት የገባው አልፍሬዶ ፓላሲዮስ፣ ለአርባ ዓመታት ሲያረቁና ሲሟገቱላቸው የኖሩ ነበሩ። ሠራተኛው ደሙን ያፈሰሰላቸውም ነበሩ። ነገር ግን በወረቀት ላይ የቀረ ረቂቅና በደሞዝ ቀን በእጅ የሚቆጠር ገንዘብ አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው የ1946ን ምርጫ ሊረዳ አይችልም።

የዚያው እጅ ሌላ ገጽታም ነበረው። የሚታዘዘው ማኅበር ዕውቅና ያገኛል፤ የማይታዘዘው ይዘጋል፣ ወይም በጎኑ ሌላ ማኅበር ይቋቋምበታል። በኦክቶበር 1945 የወጣው የሙያ ማኅበራት ድንጋጌ በአንድ የሥራ ዘርፍ ሠራተኛውን ወክሎ የሚዋዋለው መንግሥት ዕውቅና የሰጠው ማኅበር ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በዚህም ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር በሚደራደርበት ጠረጴዛ መንግሥት ለራሱ አንድ ወንበር ያዘ።

የዚያ ወር ሌላው ክስተት ግን ከማንኛውም ድንጋጌ የበለጠ የታወቀ ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 1945 በካምፖ ዴ ማዮ የጦር ሠፈር የነበሩት መኮንኖች፣ በጄኔራል ኤድዋርዶ አቫሎስ መሪነት፣ ፔሮንን ከምክትል ፕሬዚዳንትነቱ፣ ከጦር ሚኒስትርነቱና ከሥራ ጽሕፈት ቤቱ አስለቀቁት። በማግሥቱ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለተሰበሰበው ሠራተኛ ሲሰናበት ንግግሩ በሬዲዮ ተላለፈ፤ የደሞዝ ጭማሪ ድንጋጌ ተዘጋጅቶ እንደ ቀረም ተናገረ። ከዚያ ተይዞ በማርቲን ጋርሲያ ደሴት ታሰረ። ተቃዋሚዎቹ የቀራቸው ነገር ቢኖር የተከፈተውን በር አልፎ መግባት ነበር። እነርሱ ግን በመርሕ ስም ደጃፍ ላይ ቆሙ። ሥልጣን ሁሉ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ካልተሰጠ አንነጋገርም አሉ። አዲስ ካቢኔ እንዲያዋቅሩ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሁዋን አልቫሬስ ተሰየሙ፤ እኚህ የተከበሩ ሽማግሌ ስም ሲያስሱ፣ ሰው ሲያስጠይቁ ሳምንቱ አለቀ። የሚኒስትሮቹን ዝርዝር ይዘው ወደ ቤተ መንግሥት የደረሱት ኦክቶበር 17 ቀን ማምሻው ላይ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት አደባባዩ በሕዝብ ተሞልቶ ነበር።

በዚያ ሳምንት ውስጥ በየፋብሪካው የሆነው ነገር ከቤተ መንግሥቱ ግርግር ይበልጥ ወሳኝ ነበር። ሠራተኞች የኦክቶበር 12 በዓል ክፍያቸውን ሲጠይቁ አንዳንድ አሠሪዎች «ሂዱና ፔሮን ይክፈላችሁ» ብለው እንደ መለሱላቸው ይነገራል። ለአንድ የፖለቲካ እስረኛ ከዚህ የበለጠ ቅስቀሳ ሊደረግለት አይችልም። ጠቅላላው የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ከረዥም ክርክር በኋላ ለኦክቶበር 18 አድማ ጠራ፤ ሠራተኛው ግን አንድ ቀን ቀደመ። ከቤሪሶ፣ ከአቬያኔዳና ከሌሎቹ የፋብሪካ ከተሞች ወጣ። በሪያቹዌሎ ወንዝ ላይ ያሉት ድልድዮች ሲነሡበት በጀልባና በተገኘው ሁሉ ተሻገረ። በማዮ አደባባይ ኮቱን አውልቆ፣ የደከመ እግሩን በፏፏቴው ገንዳ ነከረ። ጨዋው የቡዌኖስ አይረስ ኅብረተሰብ ይህን ትዕይንት እንደ ነውር አየው፤ «ሸሚዝ የለሾች» የሚለውንም ስድብ ወረወረ። የተሰደቡት ስድቡን አንሥተው ማዕረግ አደረጉት። ፔሮን በዚያው ሌሊት በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ታየ።

ከሳምንት በኋላ፣ ኦክቶበር 24 ቀን፣ የሠራተኛ ፓርቲ ተመሠረተ። ሊቀ መንበሩ የስልክ ሠራተኞች መሪ የነበረው ልዊስ ጋይ፣ ምክትሉ የቤሪሶ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች መሪ ሲፕሪያኖ ሬዬስ ነበሩ። አርአያቸው በዚያው ዓመት በጁላይ ቸርችልን በምርጫ ያሸነፈው የብሪታንያ ሌበር ፓርቲ ነበር። አባላቱ ማኅበራት ነበሩ፤ ባለርስትና ከበርቴ በአባልነት ቦታ አልነበረውም። ፔሮንን የተቀበሉት «የመጀመሪያው አባል» ብለው ነው። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ቃሉን በጥሞና ላነበበ ግን ወሰኑም ትልቅ ነው። የመጀመሪያው አባል፣ አባል ነው። ፓርቲው ዕጩውን ያቀርባል፣ ዕጩውም ለፓርቲው ይጠየቃል ማለታቸው ነበር። ፔሮን ይህን የተረዳው ገና ከጅምሩ ይመስላል። ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሠራተኞቹ የፈለጉት ባልደረባውን ኮሎኔል ዶሚንጎ ሜርካንቴን ሲሆን፣ የቀረቡት ግን ከራዲካል ፓርቲ የተገነጠሉት ኦርቴንሲዮ ኪሃኖ ሆኑ።

በሌላው በኩል የቆመው ዴሞክራሲያዊ ኅብረት ለማየት የሚያስገርም ጥምረት ነበር። ራዲካሎች፣ ሶሻሊስቶች፣ ኮሚኒስቶችና ፕሮግረሲቭ ዴሞክራቶች በአንድ ዕጩ ሥር ተሰለፉ፤ ወግ አጥባቂዎቹ በይፋ ባይገቡበትም ድምፃቸውን ሰጡት፤ የኢንዱስትሪ ባለሀብቶች ማኅበርም በቼክ ረዳው። ለዚህ ስብስብ መሠረት የሆነው የፀረ ፋሺዝም ትግል ነበር። የ1943ቱ መኮንኖች ለአክሲስ ኃይሎች ያደሉ ስለ ነበሩ ጥርጣሬው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው። የኮሚኒስት ፓርቲው መሪ ቪክቶሪዮ ኮዶቪያ ፔሮንን ከናዚዝም ጋር አንድ አድርጎ ሲያወግዝ፣ አውሮፓ ውስጥ ትክክል የነበረውን ካርታ ሪያቹዌሎ ወንዝ ላይ ዘረጋው። ለብዙ ዓመታት በእስርና በስደት የተፈተኑ የሥጋ ፋብሪካ ታጋዮች፣ ከፋብሪካው ባለቤቶች ጋር አንድ ሰልፍ ውስጥ ተገኙ። ሠራተኛው ይህን ለመረዳት ንድፈ ሐሳብ አላስፈለገውም።

የኅብረቱን ዕጣ የወሰኑት ሁለት ድርጊቶች ናቸው። የመጀመሪያው በዲሴምበር 20 ቀን 1945 የወጣውን ድንጋጌ የተቀበለበት መንገድ ነው። ድንጋጌው ለሠራተኛው ሁሉ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድና በዓመቱ መጨረሻ አንድ ተጨማሪ የወር ደሞዝ ሰጠ። አሥራ ሦስተኛዋን ወር ያለ ደሞዝ ማሳለፍ ለለመደ የኢትዮጵያ ደሞዝተኛ «የአሥራ ሦስተኛ ወር ደሞዝ» የሚለው ሐረግ ምን ዓይነት ጣዕም እንዳለው ማስረዳት አያስፈልግም። የምርጫ ጉቦ ነበርን? በከፊል አዎን፤ ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው የወጣ ነው። አሠሪዎቹ ግን አንከፍልም ብለው በጃንዋሪ 1946 አጋማሽ ለሦስት ቀናት ሱቆቻቸውንና ፋብሪካዎቻቸውን ዘጉ። ኅብረቱም ከእነርሱ አልተለየም። የፀረ ፋሺዝም ዕጩ የተባለው ሰው በዚያች ቅጽበት የአሥራ ሦስተኛውን ደሞዝ የሚከለክል ዕጩ ሆነ።

ሁለተኛው ድርጊት የመጣው ከዋሽንግተን ነው። በቺሊ መዳብ የከበረ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ስፕሩዊል ብሬደን በ1945 ለጥቂት ወራት በቡዌኖስ አይረስ የአሜሪካ አምባሳደር ነበር። አምባሳደር መሆኑን ረስቶ በተቃዋሚዎቹ ስብሰባ እየተገኘ ይናገር፣ ይጨበጨብለትም ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የላቲን አሜሪካ ጉዳይ ኃላፊ ሲሆን፣ ምርጫው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሲቀር፣ የፔሮንን ወገን በናዚ ተባባሪነት የሚከስሰውን «ሰማያዊ መጽሐፍ» አሳተመ። ፔሮን የሚያስፈልገው ይኸው ብቻ ነበር። በሁለት ስሞች መፈክሩን ሠራ፤ ወይ ብሬደን ወይ ፔሮን። ታምቦሪኒ ከምርጫው ወረቀት ላይ ጠፋ፤ ሰዉ የሚመርጠው በአንድ የውጭ ባለሥልጣንና በአንድ አርጀንቲናዊ መካከል ሆነ። በዚህ ላይ በኖቬምበር 1945 ጳጳሳቱ ፍቺን፣ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥትን መለያየት ወይም ዓለማዊ ትምህርትን ለሚደግፉ ፓርቲዎች ምእመናን ድምፅ እንዳይሰጡ የሚከለክል መልእክት አስተላልፈው ነበር።

እንግዲህ ፔሮን የሚሸነፍበት መንገድ የቱ ነበር? ብሬደን ዝም ቢል፣ ኅብረቱም ድንጋጌውን ተቀብሎ «እኛ በምክር ቤት ሕግ እናደርገዋለን» ቢል፣ 135,000 ድምፅ ማግኘት የማይቻል አልነበረም። ከዚህም የሚቀርብ መንገድ ነበር። የኮርዶባ ክፍለ ሀገር ገዥ የነበረው አማዴዎ ሳባቲኒ፣ በቀላል አኗኗሩና በንጹሕ እጁ የታወቀ ራዲካል፣ ከባለሀብቶችና ከወግ አጥባቂዎች ጋር መዛመድን ይቃወም ነበር። ፔሮን ራሱ ሊያቀርበው ሞክሮ አልተሳካለትም። በጥቅምቱ ሳምንት ጄኔራል አቫሎስም ተስፋ ያደረገው በእርሱ ነበር። የራዲካል ፓርቲ አመራር ግን ከሳባቲኒ ይልቅ አምባሳደሩ የሚያጨበጭብለትን ጎዳና መረጠ። ሳባቲኒ ዕጩ ሆኖ፣ ያለ ብሬደን፣ ያለ ቼክ፣ የሠራተኛውን ድል እንደ ድል ተቀብሎ ቢወዳደር ኖሮ ፔሮን የመሸነፍ ዕድሉ ሰፊ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ተቃዋሚ ሌላ ተቃዋሚ ነው። የነበረው ኅብረት እንደ ነበረ ሆኖ ፔሮንን ሊያሸንፍ ይችል ነበር የሚሉ ሰዎች፣ ኅብረቱ የተሸነፈበትን ምክንያት ሁሉ ከሒሳቡ አውጥተው ነው የሚያስሉት።

ይሁን፣ ታምቦሪኒም ቢሆን በጠባብ ድምፅ አሸነፈ እንበል። በጁን 1946 ቃለ መሐላ ይፈጽማል። የመጀመሪያው ፈተናው የአሥራ ሦስተኛው ደሞዝ ነው። ቼኩን የሰጡት ድንጋጌው እንዲሻር ይጠይቃሉ፤ በማኅበራት ውስጥ መሠረት ያላቸው ሶሻሊስቶችና ኮሚኒስቶች ይህን ከደገፉ የቀራቸውን ሠራተኛ ያጣሉ። ኅብረቱ በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ዓመት ሳይሞላው የሚሰነጠቅ ነበር። ገንዘብ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። አርጀንቲና ከጦርነቱ የወጣችው ወርቅና የእንግሊዝ ፓውንድ አከማችታ ነው፤ የተራበችው አውሮፓ ስንዴዋንና ሥጋዋን ትሻ ነበር። ፔሮን በ1948 የባቡር ሐዲዶቹን ከእንግሊዞች የገዛው፣ ደሞዝም ያሳደገው በዚህ ሀብት ነው። ታምቦሪኒም ይኸው ሀብት ይኖረው ነበር፤ ወደ ሠራተኛው ኪስ እንዲፈስስ የሚያስገድደው ኃይል መኖሩ ነው ጥያቄው።

ያ ኃይል ሊሆን የሚችለው የሠራተኛ ፓርቲው ነበር። የ1912ቱ የምርጫ ሕግ ሁለተኛ ለወጣ ወገን ከምክር ቤት መቀመጫዎች አንድ ሦስተኛውን ይሰጥ ስለ ነበር፣ የሥጋ ፋብሪካ፣ የባቡርና የስልክ ሠራተኞች በብዛት ወደ ምክር ቤት ይገቡ ነበር። መሪያቸው የመንግሥት ቢሮ፣ የመንግሥት ሬዲዮ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሌለው ሰው ይሆናል። ዕውቅና የሚሰጥና የሚነሣው የሥራ ጽሕፈት ቤት በጠላቶቻቸው እጅ ይገባል። ስለዚህ ያገኙትን ለመጠበቅ የሚችሉት በራሳቸው አደረጃጀት፣ በአድማና በምክር ቤት ድምፅ ብቻ ነበር። ፔሮንም ከእነርሱ ጋር ለመቆየት ቢፈልግ እንደ አባል ተከራክሮ፣ እንደ አባል ተሸንፎ መኖር ነበረበት። ይህ ጎዳና ረዥምና መራራ ነው፤ እስርም ደምም ሊኖርበት ይችል ነበር። ሠራዊቱ ራሱ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር ለማለት አይቻልም፤ በ1930፣ በ1943፣ በ1955፣ በ1962፣ በ1966ና በ1976 መንግሥት የገለበጠ ሠራዊት ነው።

ኪሳራውንም መካድ አይገባም። ከ1946 እስከ 1949 በነበሩት ዓመታት የአርጀንቲና ሠራተኛ ደሞዝ ያደገበት ፍጥነት ከዚያ በፊት አልታየም። ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው ጫማ፣ የመጀመሪያው የባሕር ዳር ዕረፍት፣ የመጀመሪያው ሐኪም የመጣው በእነዚያ ዓመታት ነው። የሴቶች የመምረጥ መብት በ1932 በታችኛው ምክር ቤት አልፎ በሴኔቱ ታፍኖ የቀረ ረቂቅ ነበር፤ ሕግ የሆነው በ1947 ነው። ታምቦሪኒ ቢያሸንፍ ኖሮም መምጣቱ አይቀርም ነበር፤ መቼ ይመጣ እንደ ነበር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሚዛን የማይገባ ነገር አለ። ቀድሞ በአለቃው ፊት ቆቡን በእጁ ይዞ ይቆም የነበረ ሰው ቆቡን ደፍቶ መናገር ጀመረ። ይህን የሰጠው ፔሮን ነው የሚሉ አሉ። ኦክቶበር 17 ቀን ወንዙን የተሻገሩት ግን ፔሮን እስር ላይ ሳለ ነበር።

በኪነ ጥበቡ መስክ የሽንፈቱ ውጤት ከሁሉ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ኢቫ ዱዋርቴ በሬዲዮ ቤልግራኖ የታሪክ ታዋቂ ሴቶችን ገጸ ባሕርይ የምትጫወት ተዋናይት ነበረች። በ1945 በዋና ተዋናይነት የሠራችበት «ላ ፕሮዲጋ» የተባለ ፊልም የዕጩ፣ ቀጥሎም የፕሬዚዳንት ሚስት በመሆኗ ተደብቆ ቆየ፤ ለሕዝብ የታየው በ1984 ነው። ፔሮን ቢሸነፍ ፊልሙ በዚያው ዓመት ይታይ፣ ምናልባትም በአንድ ወቅት ውስጥ ይረሳ ነበር። ሆርሄ ልዊስ ቦርሔስ በሚጌል ካኔ የሠፈር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠራተኛ ነበር። በ1946 ከዚያ ተነሥቶ የዶሮና የጥንቸል ተቆጣጣሪ እንዲሆን ሲመደብ ስድቡ ገብቶት ሥራውን ለቀቀ፤ ለመኖር ሲል ዓይን አፋርነቱን አሸንፎ በየአዳራሹ ንግግር ማድረግ ጀመረ። ታምቦሪኒ ቢመረጥ ኖሮ ካታሎግ ሲጽፍ ይኖር፣ የመድረኩም ቦርሔስ ላይወለድ ይችል ነበር።

ቦርሔስ ግን የዚህ ታሪክ ቀላሉ ምሳሌ ነው፤ ወገኑ ከጅምሩ የታወቀ ነበርና። ይበልጥ የሚያስተምረው የሕዝብ ወገን ነን ያሉት ከያኒያን ዕጣ ነው። የሠራተኛውን ስም በየሰገነቱ በሚጠራው መንግሥት ዘመን፣ የገጠሩን ድሃ ዘፈን በጊታሩ ይዞ የሚዞረው አታዋልፓ ዩፓንኪ በኮሚኒስትነቱ ታሰረ፣ ታገደ፤ በ1949 ወደ አውሮፓ ሄዶ በፓሪስ መድረክ ከኤዲት ፒያፍ ጋር ቀረበ። የታንጎው ሊቅ ኦስቫልዶ ፑግሊዬዜ በዚያ ዘመንም ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ ታሰረ፤ እርሱ በሌለበት ምሽት ባልደረቦቹ በፒያኖው ላይ ቀይ አበባ አስቀምጠው ይጫወቱ ነበር። በአንጻሩ ኤንሪኬ ሳንቶስ ዲሴፖሎ፣ ስለ ድህነትና ስለ ክሕደት የጻፋቸው ታንጎዎች በየቡና ቤቱ የሚዘፈኑለት ሰው፣ በ1951 ለፔሮን የምርጫ ቅስቀሳ በሬዲዮ ሲናገር የቆዩ ወዳጆቹ ፊታቸውን አዞሩበት፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ውስጥ ሞተ። እውነተኛ እምነት ነበረው፤ ወዳጆቹም ለማዘን ምክንያት ነበራቸው።

የዘመኑን ቅራኔ ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ የሚያሳየው ግን አንድ ፊልም ነው። የፔሮን ደጋፊዎችን ሰልፍ መዝሙር በድምፁ ያስቀረጸው ተዋናይና ዘፋኝ ሁጎ ዴል ካሪል በ1952 ስለ ማቴ ቅጠል ለቃሚዎች ባርነት የሚተርክ ፊልም አዘጋጀ። ፊልሙ የተመሠረተው በአልፍሬዶ ቫሬላ ልብ ወለድ ላይ ነው። ቫሬላ ኮሚኒስት ስለ ነበር ፊልሙ ሲሠራ እስር ቤት ነበር። የተጨቆነውን ሠራተኛ በመጋረጃ ላይ የሚያሳየው መንግሥት፣ ያንን ሠራተኛ በቃል የሣለውን ደራሲ በብረት በር ጀርባ አስቀምጦታል። ፔሮን ቢሸነፍ ኖሮ ቫሬላ ምናልባት አይታሰርም ነበር፤ ፊልሙም ምናልባት አይሠራም ነበር። ከሁለቱ የትኛው ይሻል ነበር ብሎ መጠየቅ ለኪነ ጥበብ ሰው ቀልድ አይደለም።

የሠራተኛው ፓርቲ ዕጣ ግን ከፊልም ይልቅ ፈጥኖ ተፈጸመ። ሜይ 23 ቀን 1946፣ ፔሮን ቃለ መሐላ ሊፈጽም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እርሱን ያስመረጡት ፓርቲዎች ሁሉ ፈርሰው በአንድ ድርጅት እንዲጠቃለሉ በሬዲዮ አዘዘ። ድምፁን ለቅመው ያመጡለት ሠራተኞች በድላቸው ማግሥት ቤታቸው ፈረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ድርጅቱ የፔሮን ፓርቲ የሚለውን ስም ያዘ፤ የመጀመሪያው አባል ስም የቤቱ ስም ሆነ። ልዊስ ጋይ በኖቬምበር 1946 የኮንፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ቢመረጥም፣ ፔሮን ከአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ልዑካን ጋር ተመሳጥሯል ብሎ ስለ ከሰሰው በጃንዋሪ 1947 ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ኮንፌዴሬሽኑ የመንግሥት አንድ ክንፍ ሆነ። በ1952 ድርቅ ገብቶ፣ የወርቁ ክምችት ተሟጥጦ፣ ሕዝቡ ጥቁር ዳቦ ሲበላ፣ ሠራተኛው ቅሬታውን ለማሰማት የራሱ የሆነ በር አልነበረውም። ሴፕቴምበር 1955 ሠራዊቱ ሲነሣም ፔሮን አገሩን ጥሎ ሄደ።

ሲፕሪያኖ ሬዬስ ፓርቲውን ላፍርስ አላለም። እስከ ምክር ቤት ዘመኑ ፍጻሜ ድረስ ብቻውን ቀርቶ ተቃወመ። በሴፕቴምበር 1948 ፔሮንንና ሚስቱን ለመግደል አሲሯል ተብሎ ተያዘ፤ ተገረፈ፤ ሰባት ዓመት ታሰረ። የእስር ቤቱን በር የከፈቱለት በ1955 ፔሮንን የገለበጡት ጄኔራሎች ነበሩ። ሲወጣ ያገኘው አገር ግን ሌላ ነበር። በማርች 1956 አዲሱ መንግሥት የፔሮንን ስም መጥራትን፣ ሥዕሉን መያዝን፣ መዝሙሩንም መዘመርን በእስራት የሚያስቀጣ ድንጋጌ አወጣ፤ በየፋብሪካው የሚለቀሙት የሬዬስ የቀድሞ ጓዶች ነበሩ። የቤሪሶ ሠራተኛ የተከለከለውን ስም በከሰል በግድግዳ ላይ ሲጽፍ፣ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በእነዚያው መንገዶች ሠራተኛውን ያሰለፈው ሰው ከአሳሪዎቹም ከታሳሪዎቹም ጋር ቦታ አልነበረውም።